ሠላሳ አንድ ብልቃጥ

ሰፈሩ «ብልቃጥ ቆጣሪው» ነው የሚለው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ነው። በየከብት በረቱ አንዳንድ ባልዲ አስቀምጧል። ላም ታማ አንቲባዮቲክ ስትወጋ ባዶው ብልቃጥ ባልዲው ውስጥ ይጣላል፤ እሱ በወር አንዴ መጥቶ ቆጥሮ ይመዘግባል። መድኃኒት ያላግባብ ከበዛ ነገ ለከብቱም ለሰውም አልሠራ ይላላ! ከአሥር በላይ ብልቃጥ የተገኘበት በረት ወተቱ ለሁለት ወር ከገበያ ይታገዳል።

የዚህ ወር ጉድ ታዲያ የወጣው ከገዛ አማቱ በረት ነው። ሦስት ላም፣ ሠላሳ አንድ ብልቃጥ! ያውም ታጥበው፣ ተወልውለው። ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። ላብ አጠመቀው። ቢጽፍ የአማቱ የእንጀራ ገመድ መበጠሱ ነው፤ ቢደብቅ የራሱ። ሚስቱ የምትለውንማ ማሰብም አልፈለገም።

«እማማ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ? ላሞቹን መድኃኒት ነው እንዴ የሚቀልቧቸው?»

«ኧረ ወዲያ! የእኔ አንዷ ብልቃጥ ብቻ ናት» አሉ አማቱ። «ባለፈው ወር ባልዲው ሁሉ ባዶ ሆነብኝ ብለህ ፊትህ ጠቁሮ ገባህ አለችኝ ልጄ። ሰው ሲለፋ ውሎ ባዶ እጁን ይገባል? ከየጎረቤቱ ባልዲ ለቅሜ ሰበሰብኩልህ።»

ራሱን ያዘ። ለካ ጠዋት ስድስቱን ጎረቤቶች «ጎበዞች! አንድም ብልቃጥ የለም!» እያለ ያመሰገነው በከንቱ ኖሯል። እነሱም ምስጋናውን አንገታቸውን ደፍተው ተቀብለዋል፣ ሌቦች!

ደግነቱ አማቱ አይረሱም። «እነዚህ አራቱ የባለ ወፍጮው፣ ስድስቱ የጡረተኛው፣ እነዚህ ደግሞ የዚያች የለፍላፊዋ…» እያሉ አንድ በአንድ ለዩለት። ለየባለቤቱ ጻፈ። ከአሥር ያለፈ ማንም የለም። ተመስገን ብሎ ተነፈሰ።

«የእርስዎዋ ላምስ መቼ ተወጋች?»

«ሰኞ። ትልቋ፣ ጡቷ አብጦ።»

«የተወጋች ላም ወተት መድኃኒት ስላለበት ሰባት ቀን እንዳይሸጡ ነግሬዎት ነበር።»

«ጠብታ ሸጬ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ!»

«ጎሽ! ደፉት ማለት ነው?»

«ወተት ይደፋል? አንተ ደግሞ! እናንተ ቤት ነዋ የምልከው። አትሽጪ አልከኝ እንጂ ለልጆችሽ አትስጪ አላልከኝ።»

ሚስቱ ወተት አትቀምስም። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ብርጭቆ የሚገለብጠው እሱ ብቻ ነው። እንዲያውም ትናንት «ወተት ማለት የእናትሽ!» ብሎ ሦስተኛ አስቀድቷል።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርታለች፤ «በሕክምናው ቀናት የታለበው ወተት የት ተወገደ?» ትላለች። አማቱን አየ፤ ሆዱን ዳበሰ። እድሜ ልኩን ሰውን እውነቱን ጻፉ ሲል የኖረ ሰው ምን ያድርግ? ጻፈው፦

«በመዝጋቢው ሆድ ውስጥ።»