«የወላድ መርፌ» ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት

ማክሰኞ ጠዋት ከቦንጋ መናኸሪያ ስነሳ የሸኘኝ ሰው አልነበረም። ፋርማሲስት ነኝ። ከጎጃም መጥቼ እዚህ መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ወዴት ትሄዳለህ የሚለኝ የለም። የጉዞዬ ምክንያት አንድ መርፌ ነው፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ አድርጎ መድማትን ይቀንሳል። ክፉኛ ተጎድቶ ለሚደማ ሰው ቶሎ፣ ቢዘገይ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ ከተሰጠው የመትረፍ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። ሰዓቱ ካለፈ ግን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ይህን ለየጤና ጣቢያው ባለሙያዎች እንዳስረዳ ነበር የተላክሁት።

ሺሺንዳ እና ዋጫ

ሺሺንዳ ስንደርስ ገበያ ቀን ነበር፤ ሚኒባሱ የሙዝ ዘለላና የዝንጅብል ከረጢት ተጨምሮበት እግር ማሳረፊያ አጣን። ጤና ጣቢያው ገብቼ መድኃኒቱ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ የለም አሉኝ። ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ ማዋለጃ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት።

«እሱማ የወላድ መርፌ ነው» አለች ሲስተሯ፣ ገርሟት።

አልተሳሳተችም። ከወሊድ በኋላ ለምትደማ እናት ይሰጣል፤ ወደ ገጠሩም የገባው በዚያ በኩል ነው። ግን ስሙ በዚያው ጸንቶበት፣ በሬ የወጋው ሰው በአንዱ ክፍል ሲደማ መድኃኒቱ በሌላው ተቀምጦ ይውላል። ዋጫም ያው ሆነ።

ዋጫ አደርሁ። አልጋው ርካሽ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። እራቴን ቆጮ በጎመን አዝዤ ስቀመጥ አጠገቤ የሚሳሳቁ መምህራን «ና፣ አብረን እንብላ» አሉኝ። ጠግቤያለሁ አልኳቸው፤ ገና መጉረሴ ነበር። ብቻውን መብላት የለመደ ሰው ግብዣ ይከብደዋል።

ቢታ ገነት

በማግስቱ መንገዱ ጭቃ ነበር። ደኑ ከግራ ከቀኝ ተጠግቶ ረዣዥም ዛፎቹ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ይታያሉ። ሹፌራችን አንድ ጥምዝ ላይ ጡሩምባውን አስረዝሞ ነፋ። «አማቶቼ ሰፈር ነው፤ ሳልነፋ ካለፍኩ ይቀየሙኛል» አለ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ በመስኮት ደኑን አያለሁ።

ቢታ ገነት ደርሼ ለባለሙያዎቹ ማስረዳት እንደጀመርሁ ሰዎች በቃሬዛ አንድ ጎልማሳ ይዘው ገቡ። ጋሽ ገብሬ ይባላል፤ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወድቋል። ዳሌው ተሰብሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ እጁ ቀዝቅዟል። ነርሱ ዮናስ ዳሌውን በአንሶላ ጠበቅ አድርጎ አሰረና የደም ሥሩን አገኘ። ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነበር።

«መቼ ወደቀ?» አልኩ።

«ጠዋት» አለ ወንድሙ። «ቆይቷል፣ ዶክተር።»

ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሦስት ሰዓት አልፎ ከሆነ መርፌው ሊጎዳው ነው፤ ካላለፈ ደግሞ መከልከሉ ሊገድለው። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሚስቱ እትዬ አስካለ ግን አሰብ አድርጋ «መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ አማቻችን አለፈ ብለን ሳቅን። ወዲያው ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማሁ» አለች።

እኔ መኪናው ውስጥ ነበርሁ። ሰውዬው ሲወድቅ እኔ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ያን ጥምዝ ካለፍን ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

«ከማዋለጃ ክፍል አምጡና ስጡት።»

ዮናስ አመነታ። «ለወንድ ሰጥቼ አላውቅም።»

«የወላድ ነው አሉ እኮ» አለ ወንድሙም።

«ደም ወንድና ሴት አለው እንዴ?» አለች እትዬ አስካለ። «ይስጡት።»

ዮናስ ቀስ እያለ ወጋው።

ወደ ቦንጋ

መርፌው ፋታ ይሰጣል እንጂ ብቻውን አያድንም፤ ደምና ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በአምቡላንሱ አብሬ ተመለስሁ። እትዬ አስካለ እግሩን አቅፋ በቋንቋቸው በካፊኖኖ ታወራዋለች። ቃሉ አልገባኝም፣ ግን ቀናሁበት። በእንዲህ ያለ ጉዳተኛ ይቀናል? ቀናሁ።

ሆስፒታሉ ደም ሰጠው፣ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። እዚያው አድሬ በማግስቱ ላየው ስገባ ዓይኑን ገልጧል። ግቢው ከመንደሩ በመጡ ሰዎች ሞልቶ ማለፊያ አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ስለ መድኃኒቱ አይደለም፤ እሱን አውቀው ነበር። መድኃኒቱ «መቼ ወደቀ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ይፈልጋል። ጋሽ ገብሬ እንዲህ ያለ ሰው አለው። እኔ እዚህ ብወድቅስ ማን ይመልሳል?

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ ናት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጤና ይስጥልኝ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

«ማክሰኞ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ወጣህ» አለችኝ በቁጣ። «ሁለት ሌሊት መብራትህ አልበራም። ዛሬም ባትመጣ ኖሮ በሩን ላስሰብረው ነበር።»