ቃል አሳማሪው

አባቴ ሆዱን ታሞ ከቆላ ድባ ወደ ጎንደር የመጣው ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ፣ "ቁርጡን ንገረኝ። ሞቱስ ለሁሉም ነው፤ ሳልናዘዝ እንዳልሄድ ብቻ" አለኝ። ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ፣ መሬቱን ለልጆቹ ማለቱ ነው።

አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። ፈረንጁ ሐኪም፣ "ጉበቱ አልቋል፤ ለፋሲካ አይደርስም። ንገረው" አለኝ። አባቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ምን ይላል?"

"መድኃኒቱን ከዋጡ ይድናሉ ይላል፣ አባየ።"

በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ቁርጡ አይነገርም። ደግሞም ደስ እንዲለው ፈለግሁ።

የቆላ ድባው ማኪና የሚነሳው በማግስቱ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ይዤው ገባሁ። እንዲህ ያለ ፊልም መሆኑን አላወቅሁም። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነጭ አልጋ ላይ ተኝቷል። አይስልም፣ አያቃስትም፤ አንሶላው እንኳ አልተጨማደደም።

"ይህ ሰው ጠያቂ ዘመድ የለውም?" አለ አባቴ።

ከዚያ ሐኪም መጥቶ እንደሚሞት ነገረው።

"ምን አለው?"

"ይድናሉ አለው።"

ሽማግሌው ልጆቹን አስጠራ። ቀለበቱን አውልቆ ለአንዷ ሰጠ፤ ወረቀት ላይ ፈረመ።

"ምነው ታዲያ ይናዘዛል?"

ከፊት የተቀመጠ ጎረምሳ ዞሮ፣ "አያ፣ ወሬውን ቤትዎ ያድርሱት!" አለ። ሰው ሳቀ።

"አንተ እይ፤ እኛ እንሰማለን" አለው አባቴ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "የእኔስ ሐኪም እንዲሁ ነው ያለኝ?"

"እንዲሁ ነው፣ አባየ።"

ሳላስበው እውነቱን ተናገርሁ። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ፊልሙን አልጨረስነውም፤ ስለዚህም ነገር ዳግመኛ አላነሣብኝም።

ሁዳዴው ሲጋመስ፣ "አባትህ ሊናዘዝ ነው፤ ና" ተባልሁ። ከቤታችን ፊደል የቆጠርሁ እኔ ብቻ ነኝና ወረቀትና ብዕር ይዤ ሄድሁ። ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ ነፍስ አባቱም አሉ። ብዕሬን ከፈትሁ።

አባቴ ወደ ቄሱ ዞረ። "አባ፣ እርስዎ ይጻፉልኝ። እሱ ሸጋ ልጅ ነው፤ ግን ቃል ያሳምራል።"

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። ከእኔ የተፈለገው ብዕሩ ብቻ ነበር።