የአሸዋ ጠራጊው እረፍት

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ ሲጠርግ ኖሯል። ቀልዴን አይደለም። ከከተማው በጀልባ ብቻ የሚደረስበት፣ ሀብታሞች ከሰው ለመሸሽ የሚመጡበት አንድ ሪዞርት አለ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ከክፍላቸው ሲወጡ ዳርቻው ላይ የሰው ዱካ ማየት የለባቸውም፤ ማንም ያልረገጠው መስሎ መታየት አለበት። ስለዚህ የእኔ ሰው ጎህ ሳይቀድ በባለ ጥርስ መጥረጊያው የትናንቱን ዱካ ያጠፋል፤ ወደ ኋላ እየሄደ የራሱንም ያጠፋል። የእንግዳ ኮቴ ከሰማ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ነው። ሠራተኛ ከታየማ እንግዳው ከሰው መቼ ሸሸ! ባልደረቦቹ «ድመቱ» ይሉታል።

ጡረታ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ጋር ጥቂት ቀን እዚያው ሪዞርቱ ውስጥ በእንግድነት እንዲያርፍ ጋበዘው። እኔ የጓጓሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አልጋውም ምግቡም ይቅርብኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየን፣ ከባሌ ጋር ጎን ለጎን ውሃው ዳር መሄድ። ከተጋባን ጀምሮ እሱ ሲወጣ እኔ እተኛለሁ፣ እኔ ዕቃ ሳጥብ እሱ ያንቀላፋል። አብረን የምንሄደው ሐኪም ቤት ብቻ ነው።

«ቃል ግባልኝ» አልኩት ጀልባው ላይ።

«ምን ችግር አለው? እንደውም ክንድሽን ይዤ!» አለ።

ወይ ክንድ! ገና እንደደረስን አዲሱን ሸሚዙን ለበሰና ወጣን። ስለ ባሕሩ አንድ ነገር ልነግረው ዘወር ስል የለም። ለካ ከአየር ጋር ነው የማወራው! ከፊት ለፊታችን ጥንዶች ሲመጡ አይቶ ቁጥቋጦው ውስጥ ቁጢጥ ብሏል። ጥንዶቹ ብቻዬን የመጣሁ መስሏቸው በሐዘኔታ አንገታቸውን ነቅንቀውልኝ አለፉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? እንግዳ እኮ ነህ!»

«ሳላስበው ነው። እግሬ ነው።»

«እግርህን ምከረዋ!»

በነጋታው ከአንድ ሽማግሌ ተደበቀ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭማቂ ይዞልን ከመጣ አስተናጋጅ ተደበቀ፤ አስተናጋጁ ምሳ አብሮት ሲበላ የኖረ የገዛ ጓደኛው ነው። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሆን ለምጄዋለሁ። እዚህ፣ በየጥላው ሥር ሁለት ሁለት ሆነው በተቀመጡ ሰዎች መሃል ሁለት ብርጭቆ ይዤ መገተር ግን አሳፈረኝ፤ ሆድም ባሰኝ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ብወጣ መጥረጊያ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ እየጠረገ ነው። ኮቴዬን ሲሰማ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«ከእኔም ትደበቃለህ?» ብዬ ጮህኩ።

ፀጉሩ ላይ ቅጠል ተሰክቶ ወጣ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። መጥረጊያውን ጣለና ራሱ እጄን ያዘ። «ነይ፣ እንሂድ» አለኝ።

ሄድን። ፀሐይ ወጣች። አንድ ባልና ሚስት በሩቅ ሲመጡ መዳፉ በላብ ራሰ፤ ግን አልለቀቀኝም። «እንደምን አደራችሁ» አሉን፣ ለሁለታችንም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ባሌ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ቋጥኞቹ ጋ ደርሰን ስንመለስ እየሳቅኩ ነበር።

መጥረጊያው የወደቀበት ጋ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ንጹሑ አሸዋ ላይ የእሱና የእኔ ዱካ ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ ሲሄድም ሲመለስም።

«አያምርም?» አልኩት።

እሱም አየው። ግንባሩ ተቋጠረ።

«አንዴ ቆዪ፣ ሌሎቹ ሳይወጡ» አለና እጄን ለቆ መጥረጊያውን አነሳ።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ከመጣን ጀምሮ ፊቱ ላይ ያላየሁትን እረፍት አየሁና ተውኩት። እስከ ቋጥኞቹ ሄዶ፣ ከዚያ ጀምሮ ወደ ኋላ እየተራመደ ሁሉንም ጠረገው። ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። እኔ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እግርሽን አንሺልኝ» አለኝ።