ድንች የገባበት ዶሮ ወጥ

ጭልፋው ድንች ይዞ ወጣ።

እቴናት ዓይናቸውን አላመኑም። እንፋሎቱ ይሆናል የጋረደኝ ብለው ድስቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረጉና ጭልፋውን መልሰው ከሥር አማሰሉ። ሌላ ድንች መጣ። ቀጥሎ ክንፍ መጣ። ቀጥሎ እንደገና ድንች።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉና ጭልፋውን እንደያዙ ከዱካው መቀመጫ ላይ ዘጭ አሉ።

ዕለቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ የአንድ ልጃቸው የዘመነ ማድ ቤት። ከቁይ በአውቶቡስ ሲመጡ ሁለት አውራ ዶሮ እግራቸውን አስረው፣ ለፋሲካ ከታረደው በግ ያደረቁትን ቋንጣ በጨርቅ ቋጥረው ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ስለከረመ ልጃቸውን ካዩ ዓመት አልፏል። አንደኛው ዶሮ ቅዳሜ ማታ ታረደ። እሑድ እርሳቸው አስቀድሰው እስኪመለሱ ምራታቸው መክሊት ሠርታ ጠበቀቻቸው። ወጡን ሊያመሰግኑ ድስቱ ላይ ጎንበስ ቢሉ፣ ድንች።

በቁይ ዙሪያ ሰርግ ሲደገስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ጌሾው ከመወቀጡ በፊት ወደ እቴናት ቤት ሰው ይላካል። ብልት የሚያወጡት እርሳቸው ናቸው። መገጣጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው ያገኙታል፤ ቢላዋው የሚነካው የመጨረሻውን ጅማት ብቻ ነው። አጥንት አይሰብሩም። ዶሮዋ ሳትቸኩል አሥራ ሁለት ሆና ሳፋው ላይ ትደረደራለች። በዚያ አገር አንዲት ሴት አሥራ አንድ ብልት ብታቀርብ፣ አሥራ ሁለተኛውን ማን በላው እየተባለ እስከ ልጅ ልጇ ይወራባታል። መክሊት ሙሽራ ሆና ስትመጣ፣ የከተማ ልጅና አስተማሪ ናት ብለው አልማሯትም፤ ዶሮና ቢላዋ ሰጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ልጅቷ ላብ በላብ ሆና አሥራ ሁለቱንም አወጣች። እቴናት እልል አሉ። «ይቺስ ልጄን አታስርብብኝም!» ያሉትን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ከብልቱ ሁሉ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ባላቸው ጀምበሩ በሕይወት ሳሉ ፈረሰኛው ለሌላ ሰው ወጥቶ አያውቅም። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ እቴናት ፈረሰኛውን በልጃቸው ስም ያወጡታል። ልጁ ሩቅ ነውና ለነዳያን ይሰጡታል እንጂ ራሳቸው አይቀምሱትም። ዘንድሮ ግን ከዚያው ከቤቱ ሆነው በዓይናቸው እያዩ ሊያበሉት ነበር የመጡት።

በድስቱ ያለውን አንድ በአንድ አውጥተው ቆጠሩ። ስድስት። ፈረሰኛው የለም።

«መክሊት!»

«አቤት እማማ።»

«ይቺ ዶሮ ስንት እግር ነበራት?»

«ሁለት።»

«አንዱ የት ሄደ?»

መክሊት ፊቷ ቀላ። «ግማሹን አስቀምጬው ነው፣ እማማ። ለሌላ ጊዜ ይሆናል። የኛ ፍሪጅ ስለተበላሸ እቴ ማሬ ቤት ነው ያለው።»

«ዶሮ ይከፈላል? ዶሮ ጤፍ ነው? ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ጎረቤት!»

«ድንቹ እንዲያበረክተው ብዬ…»

ትሪው ሲቀርብ ለልጃቸው የደረሰው አንገትና እንቁላል ሆነ፤ የቀረው ድንች ነው። ዘመነ እንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ያ ትከሻ ግን ሸሚዙ ውስጥ የላላ መሰላቸው።

«ድንቹ ይጣፍጣል እኮ፣ እምዬ» አለ ዘመነ ሊያስቅ።

«እንዴት አይጣፍጥ፤ ዶሮውን በልቶት!»

ልጁ ሳቀ። ምራቲቱ አልሳቀችም። እቴናትም ይህን አዩ።

ሰኞ ጎመን ተሠራ። ማክሰኞ ዱባ። ረቡዕ ሽሮ ቀረበ፤ ያውም ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ! እቴናት ሽሮውን ሲያዩ እጃቸው ትሪው ዳር ላይ ቀረ። በአገራቸው በሃምሳው ሽሮ የሚበላ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ምንም የሌለው ድኻ፣ አለዚያም ነፍስ አጥፍቶ ቀኖና የተሰጠው። ልጃቸው ድኻ አይደለም። ታዲያ ምን አጠፋ? ቆይተው ደግሞ ሌላ ነገር መጣባቸው። ልጄ አላጠፋም፤ ሚስቱ ናት። ቤቱን ለጎረቤት እያበላች ልጄን በቅጠል ታኖረዋለች።

ሐሙስ ባልና ሚስት ሥራ ሲሄዱ ነጠላቸውን አጣፉና ማሬ ቤት ገቡ። ማሬ ሳቂታ ጎልማሳ ናት፤ ፍሪጇ ሳሎኗ ውስጥ እንደ እንግዳ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል።

«የልጄን ዶሮ ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ እቴናት ሳይቀመጡ።

«ውይ እማማ፣ እኔ እኮ ጠባቂ ነኝ እንጂ በላተኛ አይደለሁም!» ማሬ በሩን ከፍታ በረዶ የለበሰ ላስቲክ አወጣች። «ግን መክሊት ሳታውቅ ባይወስዱት…»

«የልጄን ሥጋ ለመውሰድ ማንን ነው የማስፈቅደው?»

«የሰው ቤት ነገር ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ማሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እቴናት ይህን እንደ ጥፋተኛ ቃል ቆጠሩት።

ላስቲኩን ፀሐይ ላይ ፈቱት። ፈረሰኛው ከመሐል እንደ ድንጋይ ደርቆ ተቀምጧል። ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላሉ፣ ይዘውት የመጡትን ንጥር ቅቤ ሳይሰስቱ ጨመሩ፤ ዶሮው እየበሰለ ቋንጣውን ለብቻው ፈርፍረው ሠሩ። ከልኳንዳ ጉበት ገዝተው እርሱንም ጠበሱ። ዘመነ ለምሳ ብቻውን ሲመጣ ሽታው በር ላይ አቆመው።

«እምዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የአባትህ ድርሻ ነው። ተቀመጥ።»

«እኔ እኮ አሁን ትንሽ… ሥጋ አልፈልግም።»

«ማን ነው አልፈልግም ያሰኘህ?»

እናቱ የፈረሰኛውን ሥጋ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፉ አቀረቡ። ከእናት እጅ ጉርሻ የሚመልስ ልጅ በዚያ ወገን አልተወለደም። ልጁ እናቱን አያቸው፤ አፉን ከፈተ።

«አንድ ያጣላል» አሉ እቴናት፤ ሁለተኛውን አጎረሱ። ከዚያ በኋላ የሚያጎርሰው አላስፈለገም። ዘመነ እንደ ተራበ ሰው በላ፤ ቋንጣውን፣ ጉበቱን፣ መላላጫውን። እቴናት ትሪው አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጃቸው ሲበላ እንዲህ ያለ ደስታ ፊቱ ላይ ካዩ ስንት ጊዜ ሆናቸው! ሲጨርስ ግን «ለመክሊት እንዳትነግሪያት» አለ። እርሳቸውም «በገዛ ቤትህ ሌባ አደረገችህ እኮ!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሳቸው የልጃቸው ጩኸት ነበር።

ዘመነ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት መሬት አያስነካውም። መክሊት አንሶላውን ከላዩ ልትገልጥ ስትል አንሶላው ነካውና እንደ ሕፃን ጮኸ። ያ ትልቅ ሰው፣ ግንድ በትከሻው የሚሸከም ሰው፣ በአንሶላ ጫፍ!

«ምን በላህ?» አለች መክሊት።

ዘመነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዘመነ፣ ምን በላህ?»

«እኔ ነኝ ያበላሁት» አሉ እቴናት ከበሩ። «ምን አጠፋሁ? መርዝ አላበላሁት!» ይህን እያሉ ቀረብ ብለው እግሩን አዩ።

ጣቱ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ የበሰለ ቃሪያ መስሎ ቀልቷል። ያብለጨልጫል። እቴናት ይህን ጣት ያውቁታል። በልጃቸው እግር ላይ አይደለም ያወቁት። ጀምበሩ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላ እንኳ አይንካኝ እያሉ ያሳዩዋቸው ጣት ይኸው ነበር። ቀለሙ፣ ማብለጭለጩ፣ ሁሉም።

ግድግዳውን ያዙ።

መክሊት ያን ጊዜ ተናገረች። ለብዙ ጊዜ የያዘችው ነገር ስለነበር ቶሎ ቶሎ ነው የወጣላት። «ሪህ ነው ተባለ፣ እማማ። ኩላሊቱንም ጀምሮታል። ሐኪሙ ሥጋ ቀንስ፣ ጉበት የሚባል እንዳትቀርብ፣ አለዚያ እግርህ ሳይሆን ነፍስህ ነው የምትሄደው አለው። እኔ ፈርቼ ነው ድንቹን ያበዛሁት። ጨርሶ ብንተወው ልጅዎ ይጨነቃል ብዬ ዶሮውን በግማሽ አደረግሁት።»

«ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አለ ዘመነ ጥርሱን ነክሶ። «አባቴን ከቀበርሽ ወዲህ እኔ ሳል ቢይዘኝ እንኳ ጠበል ልትወስጂኝ ትነሻለሽ። ገደል ለገደል መንገድ አቋርጠሽ በእግርሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው።»

እቴናት ወደ ምራታቸው ዞሩ። ያቺ ልጅ ሰሞኑን ሁሉ ስስታም ተብላ፣ በሽሮዋ ተጠርጥራ፣ የባሏን ምስጢር ለመጠበቅ አንድ ቃል አልመለሰችላቸውም።

«የአባትህም እግር እንዲህ ነበር» አሉ።

ዘመነ ቀና አለ።

«መጋኛ ነው አልን። ደክሟል፣ ይጠንክር ብለን በግ አረድንለት። መረቁን እኔ ነበርኩ የማጠጣው። ፊቱ ሲያብጥ ወፈረልኝ ብዬ ለጎረቤት አወራሁ።»

መክሊት እጃቸውን ያዘች። «ማንም አላወቀም፣ እማማ። በምን ይወቁ?»

እቴናት እጃቸውን አላስለቀቁም። አላለቀሱም። ቆይተው ማድ ቤት ገቡ፤ ከትናንት የተረፈውን ወጥ ድስቱን ይዘው ወጡና ለማሬ ሰጥተው ተመለሱ። ከዚያ መክሊትን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ በሕይወታቸው ማንንም ሴት ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ፦

«ድንቹን መቼ ነው የምትጨምሪው? ከቁሌቱ ጋር ነው ወይስ ከውኃው በኋላ?»

ዘመነ በሐኪም መድኃኒት እግሩ ጥቂት እስኪሻለው ድረስ ቆዩ። የዱባውንም የጎመኑንም አሠራር አዩ፤ ሽሮው ላይ ቅቤ ሲጎድል «በቃ ይጉደል» አሉ። የመመለሻቸው ቀን ጠዋት ውኃ ቦኖው ሥር የታሰረውን ሁለተኛውን ዶሮ ፈቱና ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

መክሊት ደነገጠች። «እማማ! የሰጡትን መልሰው? ሰው ምን ይለናል?»

«ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ነውሩ በእኔ ይሁን። እዚህ ካደረ ግን አንድ ቀን ይታረዳል። ተመልሼ ስመጣ እኔው ነኝ አሳርጄ የማበላው፤ ራሴን አላምነውም።»

ዘመነ በክራንች እያነከሰ እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው። አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ዶሮውን ሲያይ ዓይኑን አፈጠጠ።

«እማማ፣ ተሳሳቱ እንዴ? ዶሮ ከቁይ ወደ ማርቆስ ነው የሚመጣው!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። «የከተማ ዘር ሊያስጠቁ ይሆናል!» አለ ከኋላ አንዱ። እቴናት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ዶሮው ይንፈራገጣል፤ ሲባጎው ጠብቆበት ኖሮ እግሩ ቀልቷል። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው አገኙትና አላሉለት።

ከጎናቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ይህን አይተው ኖሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ገበያ እምቢ አለዎት?»

«ለገበያ አልነበረም። ለልጄ ነበር ያመጣሁት።»

«ታዲያ?»

«ልጄ ታሟል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይማርልዎ። ግን እመቤቴ፣ ለታመመ ሰው እኮ ነው ዶሮ የሚታረደው!»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እቴናት በመስኮቱ ወደ ኋላ አዩ። ልጃቸው በአንድ እግሩ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል።

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው» አሉና ዶሮውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።