ኮፍያዬን ያወለቅሁለት ሰው

በደርግ ዘመን ኮፍያውን ለማንም ያላወለቀ ወንድ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ቢፈለግ፣ የሚገኘው እኔ ብቻ ነኝ። ካድሬ ቢመጣ አላወልቅም፣ ዳኛ ቢሰየም አላወልቅም፤ ቅዳሴ እንኳ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር የማስቀድሰው። በእርግጥ ካድሬው በአንዱ በር ሲገባ እኔ በሌላው ስለምወጣ፣ ነገሩ ብዙም አልፈተነኝም።

አንድ ጊዜ ግን አወለቅሁ። ያውም ለወንጀለኛ።

ሰውየው በጎረቤላ ከተማ ጎረቤቴ ነው። ተጣልተን አናቴን በዱላ ፈለጠኝ፤ በቁስሉ ጉድጓድ በሬ ውሃ ይጠጣበት ነበር ብል እምብዛም አላጋነንኩም። አንድ ዓመት ተፈርዶበት ደብረ ብርሃን ወህኒ ወረደ። ሲፈታ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ደጄ ወደቀ። ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ ቄሱም መስቀላቸውን አንስተው «ይህን ነገር ዳግም ከአፉ ያወጣ ውግዝ ይሁን» አሉ። ሁለታችንም አሜን አልን። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሆነ። ለጦርነቱ ሊያፍሱን ሲመጡም አብረን ኮበለልን፤ በአልዩ አምባ ወርደን፣ በረሃውን አቋርጠን ጅቡቲ ገባን።

ጥገኝነት የሚሰጠው ሹም ዘንድ ከመግባታችን በፊት «ታስረህ ታውቃለህ ካለህ፣ የለም በል» ብዬ መከርኩት።

«አንተ ዋሽ፤ ተክነህበታል» አለኝ።

ገባን። ተጠየቀ። ታስሬያለሁ አለ። አስተርጓሚያችን ከአልዩ አምባ የሄዱ ነጋዴ ነበሩ፤ «በምን ጥፋት?» አሉት።

«እሱን ታርቀንበታል። ከአፌ አይወጣም።»

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። አስተርጓሚው ላብ አጠመቃቸው።

«ስማ የኔ ልጅ፣ የምትደብቀው ሰው ገድለህ ነው ይልሃል። ነፍስ ያጠፋ ወደ ድንበር ይመለሳል ይልሃል። ወላሂ፣ ተናገርና ገላግለኝ!»

የተመለሰ ኮብላይ የሚጠብቀው ጥይት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«ይመልሰኛ፣ ጋሼ። አሜን ብያለሁ» አለ። ቃሉ ንቅንቅ አላለም።

እኔ ለአንድ ቁና ሽንብራ በታቦት የምምል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ አሜን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

መናገር ለእኔም ግዝት ነው። ስለዚህ ተነሣሁና ኮፍያዬን አውልቄ ለሹሙ ጎንበስ አልኩለት። ጠባሳውን በጣቴ አሳየሁት፤ ቀጥዬ ጣቴን ወደ ወዳጄ ቀሰርኩ፤ ከዚያ ሄጄ አቅፌ ጉንጩን አገላብጬ ሳምኩት።

«ያ ረቢ! ሟቹ ይኸው ቆሟል!» ብለው አስተርጓሚው በሳቅ ፈነዱ። ሲተረጉሙለት ሹሙም ሳቀ፤ ብዕሩንም መልሶ ያዘ። ወዳጄ መጠጊያ አገኘ።

ይህን እንድጽፍ ከግዝቱ የፈቱኝ ቄስ «ምክንያቱን ግን ተወው» ስላሉኝ የጠቡን መነሻ አልጽፍም። ኮፍያዬን የማላወልቅበትን ምክንያት ግን ማንም አልገዘተብኝም። ኩራት አልነበረም። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ራሰ በራ ነኝ።