በጠርሙስ ቡሽ የሚዞረው ሬዲዮ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ስኳር በቀበሌ ሰልፍ፣ የሬዲዮ ድንጋይ ደግሞ በዘመድ በሚገኝበት ወቅት ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ልርሳው ብል ግን ባለቤቴ አትፈቅድልኝም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከምሳ በኋላ ታወራዋለች። በየዓመቱ እየጨመረችበት ስለመጣች ራሴው እውነቱን ጽፌ ልገላገል ብያለሁ።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከአጎቴ የወረስኳት አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ። አጎቴ መኪናዋን ከልጆቹ አስበልጦ የያዘ ሰው ስለነበር ቀለሟ እንኳ አልደበዘዘም። ሬዲዮዋም ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ነው። ነጫጭ ቁልፎች ያሉት፣ ሲከፍቱት ትንሽ አስቦ የሚናገር ሬዲዮ። የድምፁ መዞሪያ ወልቆ ስለጠፋ አጎቴ በጠርሙስ ቡሽ ተክቶታል። አልፎ አልፎ ድምፁ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ቡሹን ትንሽ ወደ ግራ መልሰው ቀኝ ጎኑን በጣት አንጓ ሁለቴ ሲመቱት ይመለሳል። ይህን ያሳየኝ አጎቴ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

በዚያው ከተማ የምታስተምር አስካለ የምትባል የአንኮበር ልጅ ነበረች። ላገባት ፈልጌ እሷም ፈቅዳለች። የቀረው አባቷ ነበሩ። አቶ ክፍሌ ደግሞ ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የመለሱ ሰው ናቸው። አንደኛውን ጠያቂ "ሲናገር መሬት መሬት ያያል" ብለው መለሱት። ሁለተኛውን ለምን እንደመለሱት እንኳ አልተናገሩም። ስለ እሳቸው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዜና ሳይሰሙ ምሳ አይበሉም።

እንግዲህ እኔ ተቀምጬ አሰብኩ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት በእኔ መኪና ነው። አቶ ክፍሌ ሊሸኙ ሲወጡ መኪናዋን ያያሉ። ሬዲዮ ወዳድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ሬዲዮውን ነው። ሬዲዮው ላይ ቡሽ ካዩ አለቀልኝ። ስለዚህ ዘመናዊ ሬዲዮ ማስገባት አለብኝ አልኩ።

ለአስካለ ነገርኳት።

"ያለው ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ጊዜው አልፎበታል።"

"ይናገር የለም እንዴ?"

ሴት ልጅ ስለ ሬዲዮ ምን ታውቃለች ብዬ አለፍኳት። ይህን ማሰቤን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አሁን ስታነብ ታገኘዋለች።

ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። በቆላው በኩል የሚገባ ዕቃ አይጠፋበትም፤ በየት እንደገባ ደግሞ አይጠየቅም። አለቃዬን ጓድ ታምራትን አስከትዬ ሄድኩ። ጓድ ታምራት ሦስት ወር አውሮፓ ለሥልጠና ደርሰው የመጡ ሰው ስለሆኑ በመሥሪያ ቤታችን ከመኪና እስከ ጥርስ ሕክምና የማያውቁት ነገር አልነበረም።

ሰይድ መደርደሪያው ላይ ሁለት የመኪና ሬዲዮ ነበረው። አንደኛው ጥቁር፣ ቁጥርና መርፌ ብቻ ያለው፣ ምንም መልክ የሌለው ነው። ሁለተኛው ካሴት መክተቻ አለው፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ መብራት ይበራበታል፤ የሚያብረቀርቅ የፈረንጅ ፊደል ተለጥፎበታል። ዓይኔ ከእሱ አልነቀል አለ።

"ጥቁሩን ውሰድ" አለኝ ሰይድ። "አዲስ አበባንም የውጩንም ይሰማል። ያኛው ኤፍ ኤም ብቻ ነው። በዚህ አገር ምን እንደሚሰማ አላህ ነው የሚያውቀው።"

"ታዲያ ለምን አመጣኸው?"

"መብራት ለሚወድ ሰው።"

እኔ የተማርኩ ነኝና በነጋዴ አልታለልም። ነጋዴ "ይሄን ውሰድ" ካለህ አልሸጥ ያለውን ሊጭንብህ ነው። ጥቁሩ ላይ አቧራ አይቻለሁ። ጓድ ታምራትም ጆሮዬ ላይ ተጠግተው "ኤፍ ኤም በአውሮፓ የመጨረሻው ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአውሮፓ።

"ወላሂ፣ ኋላ ሰይድ አልነገረኝም እንዳትል" እያለ ጠቀለለልኝ።

አዲሱ ሬዲዮ ለቮልሷ ሰፋ። የመኪና ኤሌትሪሻኑ ክሩስኮቷን፣ ሬዲዮው የሚገባበትን የፊት ሰሌዳ፣ በመጋዝ ገዘገዘው፤ አጎቴ በጨርቅ እንኳ ሲነካት የሚሳሳላትን መኪና። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። ሥራውን ሲጨርስ "የእጄን ዋጋ ተወው፤ አሮጌውን ስጠኝ" አለኝ። እንዳታለልኩት ተሰምቶኝ ቶሎ ብዬ ሰጠሁት።

መብራቱ በራ። መርፌውን ከዳር እስከ ዳር ነዳሁት። የሚሰማው ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲጣል የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ጓድ ታምራት "አንቴናው አጭር ነው" አሉ። ረጅም አንቴና አስተከልኩ፤ ሽንኩርቱ በዛ። "እንግዲያው ተራራው ነው የሚጋርደው" አሉ። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ቆመን ነው እንዲህ ያሉኝ። በአገሩ በዚያ ሞገድ የሚያሰራጭ ጣቢያ እንዳልነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ዘመን ውሸት ያልወጣው ሬዲዮ ቢኖር የእኔው ብቻ ነበር።

የሽምግልናው እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የአጎቴ ወዳጅ አባባ ወልዴ ከእነዋሪ መጡ፤ ገብስ አምራች ናቸው፣ ምላሳቸው ማር ነው። ሁለተኛው የንስሐ አባቴ ናቸው። ሦስተኛው ጓድ ታምራት፤ የሥራ ቀን ቆባቸውን ትተው ጋቢ ለብሰው ዕለቱን ጋሽ ታምራት ሆነዋል። ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ነገር ግን ከሦስቱ መኪና መንዳት የሚችል አልነበረም።

"አንተ ዛሬ ሾፌር ነህ" አሉኝ አባባ ወልዴ። "ከመኪናዋ እንዳትወርድ። አፍህንም እንዳትከፍት።"

መንገድ ላይ ሬዲዮውን ከፈትኩት። አባባ ወልዴ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አይተው "ዝናብ ጀመረ እንዴ?" አሉ። ጓድ ታምራት ስለ ተራራው አስረዷቸው። አንኮበር ስንደርስ ከእኛ በላይ የቀረ ተራራ አልነበረም። ሽንኩርቱ ግን እንደቀጠለ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ከአጥሩ በታች መኪናዋ ውስጥ አረንጓዴ መብራቴን እያየሁ ቀረሁ። ጉሙ በክሩስኮቱ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል። ብዙ ቆይቶ አቶ ክፍሌ ራሳቸው ደጅ ላይ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ሾፌር መሆን ኃጢአት ነው እንዴ? በዚህ ብርድ ከቤቴ ደጅ ሰው አይቀመጥም። ግባ።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ገብቼ ከሁሉም በታች በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባባ ወልዴ ስለ እኔ እየተናገሩ ነበር፤ "አርቆ አሳቢ፣ የያዘውን የማይለቅ ልጅ ነው" ሲሉ ዓይናችን ተጋጨና ሳል ያዛቸው።

አስካለ እጅ ልታስታጥብ ውሃ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹን አስታጥባ እኔ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋዋለች። ጎንበስ ብላ "ጥጉ ላይ ያለውን አየኸው?" አለችኝ።

ዞሬ አየሁ። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመኪና ባትሪ በሁለት ሽቦ ተያይዞ፣ የአጎቴ ሬዲዮ ተቀምጧል። ከነቡሹ። እሷ ቤቷ ስትመጣ አይታ አውቃው ኖሯል። ለእኔም ለአባቷም ትንፍሽ አላለችም። ለምን ብዬ በኋላ ስጠይቃት "መጨረሻውን ለማየት ብዬ ነው" አለችኝ።

ሰባት ሰዓት ሲቃረብ አቶ ክፍሌ ተነሡ። "ዜናውን ሰምተን ነገራችንን እንቀጥላለን" አሉና ሬዲዮውን እያሻሹ ያወሩ ጀመር።

"ድንጋይ ቢጠፋብኝ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ባትሪውን ወፍጮ ቤት አስሞላለሁ። ይሄን የሸጠልኝ ኤሌትሪሻን እየሳቀ ነው የሸጠልኝ። ባለቤቱ የሚያበራ ነገር አይቶ ይሄን ጣለው አለኝ። አዲሱ ይበራል እንጂ አይናገርም አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እንዲህ ያለ ሰው ያስፈራኛል። ዛሬ ሬዲዮውን፣ ነገ ደግሞ ሚስቱን።"

ሦስቱም ሽማግሌዎች ወለሉን ያያሉ።

"እንዲያው ልጅነት ይሆናል" አሉ አባባ ወልዴ ቀስ ብለው።

"ልጅነትማ ያልፋል" አሉ አቶ ክፍሌ። "የማያልፈው ሞኝነት ነው።"

አለቀ አልኩ በልቤ። ሦስተኛው የተመለሰ ጠያቂ እኔ ነኝ።

ሬዲዮው ትንሽ አስቦ ተናገረ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ምርቱን ከዕቅድ በላይ እንዳሳደገ ነገረን። የእነዋሪው ገበሬ አባባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የውጭ ዜና ተጀመረና ድርግም አለ።

አቶ ክፍሌ ሽቦውን ነቀነቁ። ቡሹን አዞሩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። "ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል" አሉ፤ የእውነት አዝነዋል። "ከገዛሁት ጀምሮ ግማሽ ዜና ነው የምሰማው። ኤሌትሪሻኑም መላ የለውም አለኝ።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እጄን ጠይቁት። ተነሥቼ ሄድኩ፣ ቡሹን ትንሽ ወደ ግራ መለስኩት፣ ቀኝ ጎኑን በጣቴ አንጓ ሁለቴ መታሁት። ዜና አንባቢው ካቆመበት ቀጠለ።

አቶ ክፍሌ እኔን አዩኝ። ከዚያ ዜናው ሳያልቅ ሬዲዮውን ዘጉት። አስካለ እንደምትለው እንዲህ ሲያደርጉ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ይህን ማን አስተማረህ?"

"አጎቴ።"

"አጎትህ ይህን ሬዲዮ የት ያውቀዋል?"

"መኪናዋ ውስጥ ነበር።"

አቶ ክፍሌ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ቄሱ መስቀላቸውን ይደባብሳሉ። ጓድ ታምራት ጋቢያቸው ውስጥ ገብተዋል።

"ሾፌር ነው አላላችሁኝም?"

"ነድቶ አመጣን እኮ" አሉ አባባ ወልዴ። "ምን ዋሸን?"

"ልጄን የምትጠይቀው አንተ ነህ?" አሉኝ አቶ ክፍሌ።

"አዎ።"

"ይህን የጣልከውም አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ለምን ጣልከው?"

ብዙ መልስ ነበረኝ። ዘመናዊነት፣ አውሮፓ፣ ኤፍ ኤም። ሁሉንም ስንት ቀን ስለማመደው ሰንብቻለሁ። አስካለ ግን የውሃ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች መጋረጃው አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

"ቡሹ አሳፍሮኝ ነው" አልኩ። "እርስዎ እንዳያዩት ብዬ።"

አቶ ክፍሌ ቡሹን አዩት። ደግመው እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ሳቁ። "እኔ እንዳላየው ብሎ ጣለው፣ እኔ ገዝቼ ቤቴ አስገባሁት" ይላሉ ደጋግመው። ሽማግሌዎቹ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አላወቁም።

ሳቁ ሲበርድላቸው "ሞኝ ነህ" አሉኝ። "ስትጠየቅ ግን ሞኝነትህን አልካድክም። ከአንተ በፊት የመጡት ሁሉ ብልሆች ነበሩ።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረውም "ዘመድ ላማክር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አሉ። ሽማግሌ የላከ ሰው ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚያው ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሊሸኙን ሲወጡ "አመታቱን ላሳይዎት" አልኳቸው።

"አታሳየኝ" አሉ። "ካወቅኩት መምጣትህን ትተዋለህ።"

በማግሥቱ ጥቁሩን ሬዲዮ ልገዛ ሰይድ ጋ ሄድኩ። ተሽጧል። ማን ገዛው ብዬ ብጠይቀው "ያ ከአንተ ጋር የመጣው አለቃህ" አለኝ። "ነግሬህ ነበር" ግን አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አስካለን አገባኋት። አማቴ እስኪያርፉ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ አንኮበር እየተመላለስኩ ሬዲዮ ስመታ ኖርኩ። ሲያርፉ ሬዲዮው ለእኛ ደረሰ። አረንጓዴው መብራት አሁንም ቮልሷ ላይ አለ። ዛሬ የኤፍ ኤም ጣቢያ በየቦታው ስለበዛ ሲከፍቱት መናገር ጀምሯል፤ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ያለው አሁን አፉን አልዘጋ ብሏል። አንዳንዴ ሽንኩርቱ ይናፍቀኛል።

ያን የተገዘገዘ ክሩስኮት ሳይ ዛሬም አፍራለሁ። ቡሹ ግን አያሳፍረኝም። አርጅቻለሁ፤ እንግዳ ፊት ጨዋታ ጀምሬ መሀሉ ላይ ድርግም ይልብኛል። ያን ጊዜ አስካለ ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇን ትሰድና ቀኝ ትከሻዬን በጣቷ አንጓ ሁለቴ ትመታኛለች። ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።