«በነፃነት ጠይቁ!»

ለውጡ እኛ ከተማ ጌዶ የደረሰው በባነር ነው። ባነሩም አዲስ አይደለም፤ የድሮውን ገልብጠው ጀርባው ላይ «ዴሞክራሲያዊ ለውጥ» ብለው ጻፉበት። ፀሐይ ሲመታው የድሮው መፈክር ከኋላ ግልብጥ ብሎ ይታያል። ማንም አላፈረም።

እኔ ያኔ ገና ተመርቄ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የመምህራን ቅጥር ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። የቀረችኝ አንዲት ወረቀት ናት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር የሚፈርማት የነዋሪነት ደብዳቤ። እዚያው ቀበሌ ተወልጄ እዚያው አድጌ፣ እሱ ካልፈረመ ነዋሪ አይደለሁም። ሰኞና ማክሰኞ «ነገ ነይ» እያለ አመላለሰኝ። ረቡዕ ጠዋት እጥፍ ያለች ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ።

«ከሰዓት የሕዝብ ውይይት አለ። የተማርሽ ልጅ ነሽ፣ ይቺን ትጠይቂያለሽ። ነገ ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።»

ገለጥኳት። «ወጣቱ ለውጡን ለመደገፍ ምን ይጠበቅበታል?» ትላለች።

«ይሄ ጥያቄ ነው?» አልኩት።

«አታስቢ፣ መልሱም ተዘጋጅቷል።»

ይሄ ሰውዬ ዓምና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሰፈራችንን ልጆች ስም እየጻፈ ለኮማንድ ፖስት ይሰጥ ነበር። ዘንድሮ የለውጥ አስተባባሪ ሆነ። ኮቱን እንኳን አልቀየረም።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። «ያ ዘመን አልፏል! በነፃነት ጠይቁ!» ይላል ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ቆሞ። አንድ ባለሱቅ ተነስቶ ከወረቀቱ ላይ «ሁለተኛ ጠያቂ» የሚለውን ጭምር አነበበ። ተጨበጨበለት።

ተራዬ ደረሰ። ወረቀቷን ጨበጥኳት፣ አላነበብኳትም።

«ዓምና የልጆቻችንን ስም ለኮማንድ ፖስት የጻፈው ሰው ዛሬ መድረክ ላይ ምን ይሠራል?»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ጥያቄሽ ከአጀንዳ ውጪ ነው። ነፃነት ማለት ሥርዓት አልባነት አይደለም። ተቀመጪ።»

አጠገቤ ያለችው ጎረቤታችን አዳራሹ እየሰማት በክርኗ ጎሸመችኝ። «ደብዳቤሽን በላሽው! ዓርብ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፣ አንቺ ደረቅ!»

እውነቷን ነው። ወረቀቷን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

እኛ ጋ ስብሰባ ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይዘጋም። ሽማግሌው ሲመርቅ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ በኦሮምኛ «ሃ ታኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ዝም ያለ ሰው በገዛ እጁ በረከት እንደገፋ ይቆጠራል። ያን ቀን የጠሩት አንድ ዝምተኛ አባባን ነው። ልጃቸው ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ታስሮ ከርሞ ነው የወጣው። ለጠያቂ ሁሉ ወረቀት ያደሉ ሰዎች ለመራቂ ማደል አልታያቸውም።

«ዝናቡን ያውርድልን!»

«ሃ ታኡ!»

«ከብቱን ያርባልን!»

«ሃ ታኡ!»

«የሰው ልጅ ስም ለእስር የጻፈ እጅ ሁለተኛ አይጻፍ!»

አዳራሹ አንድ አፍታ ደነገጠ፣ ከዚያ ጣሪያው እስኪነቃነቅ «ሃ ታኡ!» አለ።

«ለዚች ልጅ ደብዳቤዋን ሳያጉላላ የሚሰጣት እጅ ይባረክ!»

ሊቀመንበሩን አየሁት። መዳፉ ተዘርግቷል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሕግ የማይፈራ ሰውዬ ምርቃት ፈራ!

ሐሙስ በጠዋት ስገባ ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶበት ጠረጴዛው ላይ ጠበቀኝ። ሰውዬው ቀና ብሎ አላየኝም።

«ለአባባ ሰጥቶኛል በያቸው» አለኝ። «እንዳትረሺ።»

አመሰግናለሁ አላልኩም። መብቴን እንደ ጠበል በሽማግሌ ምርቃት ተረጭቼ ነው ያገኘሁት፤ ለጥያቄዬ ደግሞ እስከዛሬ መልስ የለም። ሰውዬውም ከወንበሩ አልተነሳም።

በቀጥታ ለምዝገባ ሄድኩ። መዝጋቢው ቀኑን አይቶ ሳቀ።

«ዛሬ ተጽፎ ዛሬ ደረሰሽ? አየሽ፣ ለውጥ ማለት ይሄ ነው!»

«ሦስት ቀን ተመላልሼ ነው» አልኩት።

አልሰማኝም። ስሜን እየጻፈ ነበር።